የመድረኩን ዋንጫ ማን ይውሰድ? ከአርባ ምንጭ ሲታይ

ወጋየሁ ንጋቱ ወይስ ፈቃዱ ተክለማርያም? የቴአትር ወዳጆች በተሰበሰቡበት ይህ ጥያቄ አንዴ ከተነሣ በቀላሉ አይበርድም። አንዱ የወጋየሁን ድምፅ እያስመሰለ ይከራከራል። ሌላው ፈቃዱ መድረክ ላይ ሲቆም የነበረውን ግርማ ያነሣል። ሦስተኛው «አስናቀች ወርቁንና ዓለምፀሐይ ወዳጆን የት ጣላችኋቸው?» ብሎ ይገባል። ደበበ እሸቱ፣ ተስፋዬ ገሠሠ፣ አባባ ተስፋዬ እየተባለ ስም ይደረደራል። ክርክሩ አሸናፊ ሳይኖረው ያልቅና ሁሉም በአንድ ቁጭት ይስማማሉ፤ ለመድረክ ሰው በጊዜው የሚገባው ሽልማት አልተሰጠም በሚለው።

ይህ ሙግት የአዲስ አበባ ብቻ አይደለም። አርባ ምንጭም ውስጥ፣ በሲቀላ ሰፈርም ሆነ በሴቻ፣ ኪነ ጥበብ የሚወድ ሰው የራሱን ዕጩ አያጣም። ልዩነቱ ወዲህ ነው፤ የአርባ ምንጭ ሰው ስለ ወጋየሁ ሲሟገት የሚሟገተው ባብዛኛው በጆሮው ስለሰማው ሰው ነው። መድረክ ላይ አላየውም። ሊያይም አይችልም ነበር፤ ወጋየሁ የሚጫወትበት ቴአትር ቤት ከጋሞ ደጋና ቆላ፣ እንደሚያዘው መንገድ፣ ከ430 እስከ 500 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። እንግዲህ ማን ይሸለም ከሚለው በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። የመድረክ ትወናን የሚዳኘው ማን ነው? በምን ዓይቶ?

ያልታየ ትወና

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታተመ። መጽሐፉን በየቤቱ ያስገባው ግን ከዓመታት በኋላ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ላይ የተሰማው የወጋየሁ ንባብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንድ ሰው ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ፊታውራሪ መሸሻን በቁጣ ያስጮሃል፣ በዛብህን ያስጨንቃል፣ ሰብለ ወንጌልን ያለሰልሳል፣ ከዚያ በጉዱ ካሣ አንደበት ሁሉንም ይታዘባል። ያልተማረ ገበሬም የተማረ መምህርም እኩል ያዳምጠው ነበር። ሬዲዮ ባለበት ሁሉ ወጋየሁ ነበረ፤ ጨንቻ ላይ በብርድ፣ ዓባያ ዳር በሙቀት።

ይህ ታላቅ ሥራ ነው። የመድረክ ሥራ ግን አይደለም። መድረክ ላይ ተዋናይ በእግሩ ይቆማል፣ ከባልደረባው ጋር ይተያያል፣ የሳቀውን ተመልካች ጠብቆ ቃሉን ይጥላል፣ መብራት ሲጠፋ ዝም ይላል። ወጋየሁ ይህንንም አሳምሮ የሚያውቅ የብሔራዊ ቴአትር ሰው ነበር። ሆኖም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ካረፈ በኋላ ለትውልድ የደረሰው የመድረኩ ወጋየሁ ሳይሆን የሬዲዮኑ ነው። ዛሬ «ከእሱ የሚበልጥ የለም» የሚል ወጣት ፍርዱን የሚሰጠው በቀረው ድምፅ ላይ ነው።

የሌሎቹም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። አስናቀች ወርቁ ከቀደሙት የመድረክ ሴቶች አንዷ ናት፤ ስሟ የገነነው ግን በክራሯ ነው። «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ የሙዚቃ እትም 16ኛው አልበም የእሷ ብቻ ሲሆን፣ ክራር የያዘችው እመቤት ተብላ ለዓለም የተዋወቀችውም በዚሁ ነው። ተስፋዬ ሳህሉ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ተላብሶ መድረክ የወጣ ሰው ነበር። የአገሬው ልጅ የሚያውቀው ግን በቴሌቪዥን «ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች» እያለ ተረት የሚነግረውን አባባ ተስፋዬን ነው። ደበበ እሸቱም ቢሆን ከአገር ውጭ ስሙ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» የተባለው ፊልም ነው።

እንዲህ ሲታይ የቡና ላይ ክርክሩ ምን እንደሆነ ይገለጣል። የሚወዳደሩት ቅጂ የቀረላቸው ናቸው። ቅጂ ያልቀረለት ተዋናይ፣ ምንም ያህል ቢያስለቅስና ቢያስቅ፣ ያዩት ሰዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። በሀገር ፍቅር ቴአትር፣ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ስንት እንዲህ ያለ ሰው እንዳለፈ መገመት አያዳግትም።

አምስት ቴአትር ቤት፣ አንድ ከተማ

የቦታው ነገር ደግሞ አለ። በመንግሥት የሚተዳደሩት የታወቁ ቴአትር ቤቶች፣ ማለትም ሀገር ፍቅር፣ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ራስ፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሕፃናትና ወጣቶች፣ አምስቱም ያሉት አዲስ አበባ ነው። አንዳንድ የክልል ከተሞች፣ ለምሳሌ ባሕር ዳር በሙሉዓለም የባህል ማዕከል፣ የራሳቸው አዳራሽና ቡድን አበጅተዋል። የሌሎቹ ከተሞች ነዋሪ ቴአትር የሚያየው ቡድን ሲመጣለት ነው።

በደርግ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ይቋቋም ስለነበር ጋሞ ጎፋም ከዚህ አልቀረም። ዘፈኑም ድራማውም የፖለቲካ ትእዛዝ ነበረበት፤ ቢሆንም ለብዙ ወጣቶች መድረክ ላይ የመቆም የመጀመሪያ ዕድል የሆነው እሱ ነው። ቡድኖቹ ከሥርዓቱ ጋር ሲበተኑ ያንን ቦታ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያዎች፣ የወጣት ማእከላት፣ የዩኒቨርሲቲ የኪነ ጥበብ ክበባትና ስለ ጤና የሚያስተምሩ አጫጭር ድራማዎች ተካፈሉት።

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ቡድን አሠራሩ የታወቀ ነው። ፖስተር ይለጠፋል፣ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና ከሲቀላ ሴቻ ይመላለሳል፣ አዳራሽ ይከራያል፤ አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ይታይና ቡድኑ ወደሚቀጥለው ከተማ ያልፋል። የአዳራሹ ድምፅ ያስተጋባል፤ መብራት ሊቋረጥ ይችላል። ተዋናዩ ብሔራዊ ቴአትር የሚሠራውን እዚያ ቢሠራው እንኳ እኩል አይሰማም። የአርባ ምንጭ ተመልካች የሚያየው ያንን ነው፤ የአዲስ አበባ ዳኛ የሚያየው ሌላውን።

የግሩም ዘነበና የበረከት በላይነህ ሥራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በረከት የጻፈውና ግሩም ብቻውን የተጫወተው «እያዩ ፈንገስ» ከአዲስ አበባ ወጥቶ በክልል ከተሞችና በውጭ አገር ጭምር ተመልካች አግኝቷል። አንድ ሰው፣ ጥቂት ቁሳቁስ፣ አንድ ፌስታል። ትልቅ የመድረክ ዕቃ ስለማይፈልግ ይጓዛል። ሥራው በየመንገዱ ሌላ የቆየ ክርክርም አስነሥቷል፤ ያ ሁሉ ጭብጨባ የጸሐፊው ነው ወይስ የተዋናዩ? ጽሑፉን አንብቦ ብቻ የሚስቅ ሰው ድርሻውን ለበረከት ይሰጣል። ግሩም ዝም ብሎ ቆሞ ተመልካቹን ሲያይ የሳቀ ደግሞ ለግሩም ያደላል። በሁለቱ መካከል የሚለይ ዳኛ ሁለቱንም ማየት አለበት፤ ወረቀቱንም መድረኩንም።

ሽልማቶቹ የሸለሙት

የኢትዮጵያ የሽልማት ታሪክ በዚህ ረገድ ያደላው ለብዕር ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለአማርኛ ሥነ ጽሑፍ፣ ለሥዕልና ለምርምር ትልቅ ክብር ሰጥቷል። ከበደ ሚካኤል ተሸልመዋል። ጸሐፌ ተውኔቱ ፀጋዬ ገብረመድኅን በ1966 እ.ኤ.አ. ሲሸለም ገና 29 ዓመቱ ነበር። ከታወቁት የሽልማቱ ዘርፎች መካከል ግን ተዋናይን ለብቻው የሚመዝን አልነበረም። የፀጋዬን ከባድ ቃላት ተሸክመው በየምሽቱ መድረክ የሚወጡት ሰዎች ድርሻ ጭብጨባና የወር ደመወዝ ሆኖ ቀረ።

በ1990ዎቹ መግቢያ የኢትዮጵያ የሥነ ጥበባትና የመገናኛ ብዙኃን ሽልማት ድርጅት ተቋቁሞ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ አልዘለቀም። ከዚያ ወዲህ የመጣው የግል ሽልማት ነው። «ለዛ» ከሬዲዮ ዝግጅት ተነሥቶ የአድማጭን ድምፅ ይዞ መጣ። ዮናስ ብርሃነ መዋ የመሠረተው ጉማ በ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ፊልምን በዘርፍ በዘርፍ መሸለም ያዘ። የበጎ ሰው ሽልማት ኪነ ጥበብን ከሌሎች የአገልግሎት መስኮች ጎን አስቀመጠ። ጉማ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥነ ሥርዓቱን ያካሂድ የነበረው በብሔራዊ ቴአትር ነው። የፊልም ተዋናዮች ዋንጫቸውን የሚቀበሉት ቴአትር ተጫዋቾች በየሳምንቱ በሚቆሙበት ወለል ላይ ነበር ማለት ነው። የቴአትሩ ሰው እንደ ጉማ ስሙ የገነነና በየዓመቱ የሚጠብቀው የራሱ ዋንጫ እስካሁን አልጸናለትም።

ምክንያቱ ንቀት ብቻ አይደለም። ፊልም ለዳኞች ይላካል፤ ሲመቻቸው ያዩታል፣ ቢጠራጠሩ መልሰው ያዩታል። ቴአትርን ለመዳኘት ዳኛው ራሱ መሄድ አለበት። ሄዶም የሚያየው የዚያን ቀኑን ነው። የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» በብሔራዊ ቴአትር ለዓመታት እንደታየው፣ የእኛ አገር ቴአትር አንዴ ከተወደደ ቶሎ አይወርድም። በዚህ መሐል ተዋናይ ይታመማል፣ ይለቃል፣ በሌላ ይተካል። የአንድ ገጸ ባሕርይ ሽልማት ሲመጣ የመጀመሪያው ተዋናይ ነው የሚሸለም ወይስ ከሁለት ዓመት በኋላ ተተክቶ ሚናውን ያሳደገው?

የሕዝብ ድምፅም ችግሩን አይፈታውም። ድምፅ የሚሰጠው ሰው የሚያውቀው በቴሌቪዥን ድራማ የሚያየውን ፊት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መድረክ ላይ ተአምር የሚሠራ፣ ስክሪን ላይ ግን ያልታየ ተዋናይ፣ በሕዝብ ድምፅ ከታወቀ ፊት ጋር ሲወዳደር ከመጀመሪያው ተሸናፊ ነው።

ሌላም የሚያሳፍር ልማድ አለ። የፈቃዱ ተክለማርያም የኩላሊት ሕመም ሲጠና ሕዝቡ ለሕክምናው ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረ። በዚያ ሰሞን ስለ ትወናው የተነገረውና የተጻፈው ምስጋና ብዙ ነበር። እሱ በ2010 ዓ.ም. ክረምት አረፈ። ለብዙ የኢትዮጵያ አርቲስቶች የመጀመሪያው ትልቅ ሕዝባዊ ምስጋና የሚመጣው በአልጋ ላይ እያሉ ነው። መዋጮው የደግነት ሥራ ነው፤ ይመስገን። የሙያ ዳኝነትን ግን አይተካም፤ ለአንድ ተዋናይ በአርባ ዓመቱ ሊነገረው የሚገባው፣ የትኛው ሚናው ለምን እንደበለጠ፣ ተመርምሮ አልተነገረውም።

ሌላው ዓለም እንዴት ተወጣው?

ነገሩ ለእኛ ብቻ የከበደ አይደለም። በጥንቷ አቴና ለአሳዛኝ ቴአትር ዋና ተዋናይ ለብቻው ሽልማት መስጠት የተጀመረው በ449 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግድም ነው። የተዋናዩ ሽልማት ከድርሰቱ የተለየ ስለነበር ድርሰቱ ተሸንፎ ተዋናዩ ሊያሸንፍ ይችል ነበር። ዳኞቹ ከአሥሩ የከተማዋ ነገዶች በዕጣ ይወጣሉ፤ ከሰጡት ድምፅም የሚቆጠረው በዕጣ የተነሣው ብቻ ነበር። ጉቦና ዝምድና አስቀድሞ የታሰበበት አሠራር ነው። የአሸናፊዎቹ ስም በድንጋይ ላይ ይቀረጽ ስለነበር፣ ትወናቸውን ያየ ሰው ከጠፋ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ የአንዳንዶቹ ስም ዛሬ ይነበባል።

በዘመናችንም አስቸጋሪ ጉዳዮች መጥተው በብልሃት ታልፈዋል። ለንደን ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ. በቀረበው «ፍራንከንስታይን» ቤኔዲክት ከምበርባችና ጆኒ ሊ ሚለር ሁለቱን ዋና ሚናዎች በየምሽቱ እየተቀያየሩ ተጫወቱ። በቀጣዩ ዓመት የኦሊቪዬ ሽልማት ዳኞች አንዱን ከአንዱ ሳይነጥሉ ለሁለቱ በጋራ ሰጧቸው። ኒው ዮርክ ላይ በ2009 እ.ኤ.አ. «ቢሊ ኤሊየት» በተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር አንዱን ሚና እየተፈራረቁ የተጫወቱ ሦስት ታዳጊዎች አንድ የቶኒ ሽልማት ተካፈሉ። ከዚያ በፊት በ1996 እ.ኤ.አ. ጁሊ አንድሩስ ከምትጫወትበት ቴአትር እሷ ብቻ ለቶኒ ስትታጭ፣ ባልደረቦቿ ተዘለዋል ብላ ዕጩነቱን ከመድረክ ላይ ሆና አልቀበልም አለች።

ከእነዚህ የምንወስደው ነገር ግልጽ ነው። የተዋናይ ሽልማት ከጸሐፊው ሲለይ፣ ዳኛው አይቶ ሲፈርድ፣ የጋራ የሆነው ሥራ በጋራ ሲሸለም ክርክሩ ባይጠፋም ፍሬ ይኖረዋል።

ጋሞ ውስጥ ብቻውን የሚዘፍን የለም

እዚህ ላይ የጋሞ ልምድ ራሱ ብዙ የሚለው አለ። የዶርዜን ዘፈን በቅርብ የሰማ ሰው ያውቀዋል። አንዱ ያወጣል፤ ሌላው ከላይ፣ ሌላው ከታች ይቀበለዋል፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ክፍተቱን ይሞላል። ድምፆቹ ይለያያሉ፤ ዜማው ግን ከአንዳቸውም አፍ ብቻ አይወጣም። አንዱን ጎትቶ አውጥቶ «አንተ ነህ ምርጡ» ቢሉት የሚቀረው ቁራጭ ነው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ተመራማሪ በርናር ሎርታ ዣኮብ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህንን ዘፈን ቀርጾ በሸክላ ሲያሳትም የሸክላው ርእስ ያደረገው የዶርዜን ሕዝብ ስም ነው።

አርባ ምንጭ ይህን መሰል ትርዒት በብዛት አስተናግዳለች። ቀድሞ በደቡብ ሕዝቦች ክልል ስር ሳለች «ሺህ ኮከቦች» በተባለው ፌስቲቫል የብዙ ብሔረሰብ ዘፋኞችና ተወዛዋዦች በከተማዋ ተሰብስበዋል። ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ 19ኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን የተከበረው በዚሁ ከተማ ነው። ቴሌቪዥን ሁሉን አሳየ። አስተዋዋቂው «አሁን የሚቀርበው የጋሞ ባህላዊ ጭፈራ ነው» ሲል ሰማን፤ የአውጪዋን ስም ግን ማን ነገረን?

ይህ ሌላ አለመመጣጠን ያመጣል። የጋሞን ውዝዋዜ አዲስ አበባ ላይ ተምሮ በቴአትር ቤትና በባህል ምሽት የሚያቀርበው ተወዛዋዥ ስም አለው፣ ፎቶ አለው፣ ዕጩ ሊሆን ይችላል። ውዝዋዜውን ከእናቷ የተማረችው የዲታ ወይም የቦንኬ ሴት በሕዝብ ስም ውስጥ ትሰወራለች። ሁለቱም ባለሙያ ናቸው። የመጀመሪያው የሠለጠነ አካልና የመድረክ ዲሲፕሊን አለው፤ ሁለተኛዋ ምንጩን ይዛለች። የሚወዳደሩበት ዘርፍ አንድ መሆን የለበትም፤ አንዱ ግን ዘርፍ ኖሮት ሌላዋ ጭራሽ የሌላት መሆኑ አያስኬድም።

ጋሞዎች ሰውን ለክብር የሚመርጡበት የቆየ ሥርዓት አላቸው። ሀላቃ የሚባለው የባህል መሪ የሚሾመው ዱቡሻ በሚባለው አደባባይ ሕዝብ ተሰብስቦ ከተነጋገረ በኋላ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በጋሞ ደጋ፣ ዶኮ ውስጥ የኖረችው አንትሮፖሎጂስት ዲና ፍሪማን በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት እንደምትገልጸው፣ ተሿሚው ቅቤ ተቀብቶ፣ ተለይቶ በሚታወቅ አለባበስ ገበያ ወጥቶ ይታያል፤ ለሕዝቡም ድግስ ይደግሳል። ተከባሪው ሲከበር የሚሰጥ ነው። ውሳኔውም ተሸፍኖ በፖስታ አይመጣም፤ ሁሉም እየሰማ ክርክር ተደርጎበት ይደረስበታል።

ይሁንና ዱቡሻን እንከን የለሽ አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማሳመር ይሆናል። በቀደመው ሥርዓት ሴቶች በውሳኔው ቦታ አልነበራቸውም። ሸክላ የሚሠሩና ቆዳ የሚፍቁ ወገኖች ከባለ መሬቱ ጋር እኩል አይቀመጡም ነበር። በየለቅሶው ነጋሪትና ጥሩምባ ይዘው የሚወጡት ግን ብዙውን ጊዜ እነሱ ነበሩ። ሕዝቡን ያስለቀሰው ተጫዋች፣ ስለ ክብር በሚወሰንበት አደባባይ ድምፅ አልነበረውም። አዲስ ሽልማት በዱቡሻ መንፈስ ይቋቋም ከተባለ ግልጽነቱንና መመካከሩን ይውሰድ፤ ማግለሉን ይተው።

እንግዲህ ማን ይገባዋል?

ወደ መነሻው ጥያቄ ስንመለስ፣ የወጋየሁና የፈቃዱ ክርክር የተቀላቀሉ ሁለት ነገሮች ስላሉበት ነው የማያልቀው። አንደኛው የሕይወት ዘመን ክብር ነው። በዚህ ዘርፍ ሁለቱም፣ አስናቀችም፣ ዓለምፀሐይም፣ ተስፋዬ ሳህሉም ያለ ውድድር ይገባቸዋል፤ የአንዱ ክብር ከሌላው የሚቀነስ አይደለም። ዓለምፀሐይ ለረጅም ዓመታት በስደት ሆና እንኳ በዋሽንግተን አካባቢ በጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከል የአማርኛ መድረክ እንዳይዘጋ ማድረጓ ብቻ ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። ሁለተኛው የትወና ሽልማት ነው። ይኸኛው የአንድ ሰው ሙሉ ዕድሜ አይመዘንበትም፤ የሚመዘነው በአንድ ዓመት፣ በአንድ ቴአትር፣ በአንድ ሚና የተሠራው ሥራ ነው። የወጋየሁን ሬዲዮ ከፈቃዱ መድረክ ጋር በዚህ ሚዛን ማስቀመጥ አይቻልም። የምንኮራባቸውን ሰዎች በአፈ ታሪክ ማፎካከር ትተን ዛሬ መድረክ ላይ ያሉትን በሥራቸው መዳኘት ብንጀምር ይሻላል።

ለዚህ ሥራ አዲስ አበባ እስክትጀምር መጠበቅ አያስፈልግም። የጋሞ ዞን በ2011 ዓ.ም. ራሱን ችሎ ከቆመ ወዲህ የራሱ የባህል መዋቅር አለው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ አለ። የመስቀል በዓል በመጣ ቁጥር ዮ ማስቃላን ለማክበር የሚሰበሰብ ሕዝብ አለ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጥ አነስተኛ የመድረክ ሽልማት ለማቋቋም ከዚህ በላይ ብዙ አይጠይቅም።

ዳኞቹ ከጨንቻ፣ ከዲታ፣ ከቦንኬ፣ ከካምባ፣ ከቁጫ፣ ከቦረዳ፣ ከምዕራብ ዓባያና ከሌሎቹ ወረዳዎች፣ ሴቶችም የእደ ጥበብ ባለሙያዎችም ተካትተው፣ ከተዘጋጀ ዝርዝር በዕጣ ይውጡ። እያንዳንዱ ዳኛ ዕጩ የሆነውን ቴአትር ሁለት ጊዜ ይይ፤ አንዱን በአርባ ምንጭ አዳራሽ፣ ሌላውን ከከተማ ውጭ። ያላየ ድምፅ አይስጥ። በጋሞኛ የቀረበው ሥራ በአማርኛ ከቀረበው እኩል ይመዘን፤ ቋንቋውን የማይሰማ ዳኛ በዚያ ሥራ ላይ አይፍረድ። ለአንድ ሚና የሚሰጠው ሽልማት እንዳለ ሆኖ፣ አብረው የሚዘፍኑና የሚጫወቱ ሰዎች በቡድን የሚሸለሙበት ዘርፍ ይኑር፤ ሲሸለሙም የእያንዳንዳቸው ስም ይጠራ። ውሳኔው ከነምክንያቱ በአደባባይ ይነገር፤ የማይስማማው ተነሥቶ ይጠይቅ።

ገንዘብ ከሌለ ዋንጫው ይቅር። የአንድ ጋሞ ሸማኔ እጅ የሠራው ጋቢ ከውጭ ከመጣ ፕላስቲክ ዋንጫ የሚያንስ ሽልማት አይደለም፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሽሮ ሜዳን የሸማ ገበያ ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ቀላል ሥራ አለ፤ ይህም በዞኑ የባህል መምሪያ በቀጥታ ሊጀመር ይችላል። ከሚመጣው መስከረም አንሥቶ በአርባ ምንጭና በየወረዳው የሚቀርብ እያንዳንዱ ቴአትርና የዘፈን ትርዒት ቢያንስ አንድ ጊዜ በቪዲዮ ይቀረጽ፤ የተጫዋቾቹ፣ የአውጪዎቹና የአዘጋጆቹ ሙሉ ስም ከቀኑና ከቦታው ጋር ተጽፎ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። አንድ ካሜራ፣ አንድ መዝገብና አንድ ኃላፊ ሠራተኛ ይበቃል። ዕጩ የሚወጣው ከዚያ መዝገብ ነው።